ሥራ የጠፋበትን ምክንያት የሚጠይቅ ሕግ

ከአገር ቤት የሚደውል ዘመድ ሁሉ፣ በአሜሪካ ሥራ ያጣን ሰው መንግሥት ተንከባክቦ እንደሚያኖረው ያምናል። እዚህ ሁለት ሥራ እያፈራረቅን የምንኖረው ደግሞ «የምን መንግሥት አመጣችሁብን!» እንላለን። ሁለታችንም የምናወራው ስለ ገንዘቡ ብቻ ነው።

ከውጭ በገባ ሸቀጥ ምክንያት ከፋብሪካ ለሚፈናቀል አሜሪካዊ ሠራተኛ ብቻ ተብሎ የወጣ ሕግ አለ። መነሻው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀረጥ የመቀነስ ሥልጣን ከኮንግረሱ ሲጠይቁ፣ አገር በሚጠቀምበት ንግድ የሚጎዳው ሠራተኛ ሸክሙን ብቻውን እንዳይሸከም የሚል ቃል አብረው ገቡ። ቃሉ ግን ለዓመታት ወረቀት ላይ ቀረ። መስፈርቱ እጅግ ከመጥበቡ የተነሳ እስከ 1969 ድረስ አንድም የሠራተኞች ማመልከቻ አላለፈም። ገንዘቡ በደንብ መንቀሳቀስ የጀመረው ሕጉ በ1974 ከላላ በኋላ ነው።

እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። ሦስት ሠራተኞች ተሰብስበው ለፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችሉ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ኩባንያውን ይጠይቃል፣ የኩባንያውን ደንበኞች ይጠይቃል፤ ገዢው ፊቱን ወደ ውጭ ዕቃ ማዞሩን ካረጋገጠ ያንን በጽሑፍ ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ የሙያ ሥልጠና ወጪ፣ በሥልጠናው ጊዜ የሚከፈል ሳምንታዊ ድጎማ፣ ሥራ ወዳለበት ከተማ ለመዛወር የሚረዳ ገንዘብ ይከተላል። ዕድሜው ከ50 በላይ ሆኖ ዝቅ ባለ ደመወዝ ለሚቀጠር ሰው ደግሞ የልዩነቱን ግማሽ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ይሞሉለት ነበር።

በሰሜን ካሮላይና የካናፖሊስ ከተማ፣ ፒሎውቴክስ የተባለው የፎጣና የአንሶላ ፋብሪካ በሐምሌ 2003 ሲዘጋ፣ በዚያ ግዛት ብቻ 4,800 ያህል ሰዎች በአንድ ጊዜ ሥራ አጡ። ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላጠናቀቁ ስለነበሩ፣ በጎልማሳነታቸው ደብተር ይዘው ኮሌጅ ገቡ። ዕድሜውን በሽመና ማሽን ላይ ያሳለፈ ሰው በሁለት ዓመት ኮርስ ነርስ ወይም የኮምፒውተር ባለሙያ ይሆናል ብሎ ማሰብ የቢሮ ሰው ሕልም ነው። የሠራተኛ ማኅበራቱም ዕርዳታውን «የቀብር መድን» እያሉ ያሾፉበት ነበር። እኛ ደግሞ ለቀብሩ እድር አለን፤ ለእንጀራው ነው ምንም የሌለን።

በ2002 የተሻሻለው ሕግ አንድ ነገር ጨምሮ ነበር። ፋብሪካው ሥራውን ወደ አጎዋ (የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደው ሕግ) ተጠቃሚ አገር ካዛወረ የተፈናቀለው አሜሪካዊ ዕርዳታውን የመጠየቅ መብት ነበረው። ኢትዮጵያም ያኔ ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ነበረች። ሥራው ከካሮላይና ወደ ሐዋሳ ቢሄድ፣ የካሮላይናዋ ሴት ማመልከቻ ይኖራት ነበር ማለት ነው።

የሐዋሳዋስ? ከሰሜኑ ጦርነት ጋር በተያያዘ ኢትዮጵያ ከጥር 2022 መጀመሪያ አንስቶ ከአጎዋ ስትታገድ፣ ያቺ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልጅ ለማን ታመልክት? አሠሪዋ ከሸኛት የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሚሰጣት የስንብት ክፍያ አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተጨማሪው ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ለቅነሳው ሌላ 60 ቀን። ሁለት ዓመት ከሠራች የመቶ ቀን ደመወዝ ነው። የፓርኩ መነሻ ደመወዝ በ2019 እ.ኤ.አ. በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበር ሳስብ፣ ድምሩ ከመቶ ዶላር ብዙም አይርቅም። ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ወላጆቿ። በነገራችን ላይ፣ የአሜሪካውም ዕርዳታ ኮንግረሱ ሳያድሰው ቀርቶ ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ ማጽደቅ አቁሟል። በአንድ ዓመት ውስጥ የክሩ ሁለት ጫፎች ተበጠሱ።

ከዚያ በፊት የመርካቶ ጫማ ሠሪዎች ነበሩ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙ አነስተኛ ወርክሾፖች ተዘጉ። የተረፉት ሞዴል እየቀየሩ፣ ጥራት እያሻሻሉ ገበያውን መልሰው ያዙ፤ ይህንን ጀግንነት ሁላችንም በኩራት እንተርካለን። የተዘጉትን ግን ማን ቆጠራቸው? ሠራተኞቻቸውስ የስንብት ክፍያው እንኳ ደርሷቸው እንደሆነ ማን ያውቃል?

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ስለ ቀረጥ፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ቴሌኮም ብዙ ተብሏል። ገበያው ሲከፈት ስለሚፈናቀለው የልብስ ሰፊና የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ የሚነሳ ክርክር ግን አይሰማኝም። የአሜሪካው ዓይነት ትልቅ በጀት የለንም፤ እሱን አልጠይቅም። የምጠይቀው መዝገቡን ነው፤ ፋብሪካ ሲዘጋ ለምን እንደተዘጋና ስንት ሰው እንደወጣ የሚጽፍ አንድ ቢሮ። ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ መሰብሰቢያ መንገዱ ተዘርግቷል። ከግል ድርጅት ሠራተኛ በየወሩ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል። ከዚያ 18 በመቶ ውስጥ ለሥራ አጥነት የተመደበ አንድ በመቶ እንኳ የለም።