እኔ የዚያን ዕለት እኮ…

ለደብረ ማርቆስ ሰው የማስታወስ ችሎታ ያለኝ አክብሮት ወሰን የለውም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው አውሮፕላናችን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ መከስከሱን አገር ሁሉ ያውቃል። የእኛ ሰው እውቀት ግን ከዚህ ይጠልቃል፤ የት ቆሞ እንደ ነበር፣ ምን ለብሶ እንደ ነበር፣ ስኒውን በየትኛው እጁ እንደ ያዘ ጭምር ይነግራችኋል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና እየጠጣን ይኸው ወሬ ተነሣ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወዳጃችን፣ «እኔ የዚያን ዕለት እኮ ቢሮ ደብዳቤ ስፈርም ልክ በ2 ሰዓት ከ44 ብዕሩ ከእጄ ወደቀ» አለ። ዕለቱ እሑድ ነበር። በሥራ ቀን እንኳ ከአራት ሰዓት በፊት ወንበሩ ላይ ታይቶ የማያውቅ ሰው በሰንበት ማለዳ ቢሮ ተገኝቷል፤ ብዕሩም ከዜናው ቀድሞ መርዶውን ሰምቷል። ጎረቤቱ ደግሞ የዶሮ ብልት አፉ ሳይደርስ እጁ ላይ እንደ ቀረ ተረከልን። ሰንበቷ ቅድስት ነበረች፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖታል። በጎጃም ምድር፣ በሁዳዴ፣ ለትዝታ ሲል ጾም እስከ መሻር የደረሰ ሰው እንዴት አይመሰገንም? የንስሐ አባቱ ብቻ እንዳይሰሙ።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማከብራቸው «ለጥቂት የቀሩትን» ነው። አንድ ግሪካዊ መንገደኛ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ በሩ ስለ ተዘጋበት ተርፏል። እሱ አንድ ነው፤ በእኛ ሰፈር ብቻ አራት አሉ። አንደኛው ፓስፖርት አውጥቶ አያውቅም። ሌላው ዓባይን የተሻገረው አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም ለሠርግ። «ልሄድ ነበር፤ ልቤ እምቢ አለኝ» ይላሉ። የሁሉም ልብ እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ አየር መንገዱ ሁለተኛ አውሮፕላን ማቆም ነበረበት።

እኔማ ተኝቼ ነበር። ሲጠይቁኝ ግን «ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስገላበጥ ነው ያደርኩት» እላለሁ፤ ሌሊቱም በየዓመቱ እየረዘመ ነው።

ጥግ ላይ የተቀመጡት እማሆይ ቀና አሉ። «እኔስ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው፣ ልጆቼ። ለመሆኑ የሞቱት ስንት ነበሩ? በጸሎት ላስባቸው ብዬ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ባለ ዶሮው ሰማንያ አለ፤ ባለ ብዕሩ ወደ ሦስት መቶ ወሰደው። ለጥቂት ከቀሩት አንዱ ስኒውን አገላብጦ ማየት ጀመረ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁ፦ 149 መንገደኞች፣ 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 157 ነፍስ።

«157» አሉ እማሆይ ቀስ ብለው፤ መቁጠሪያቸውንም አወጡ።

በረካው ሲቀዳ ባለ ብዕሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ብዕሩ እንኳ» አለ፣ «ቀይ ነበር።»