መረጃውን ተዉት፣ መጀመሪያ ቁጥር ስጡን

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። «ከግለሰብ የሚቀርብ የመረጃ ጥያቄ ከሚመለከተው አካል የትብብር ደብዳቤ ካልተያያዘበት ገቢ አይደረግም» ይላል። ክብ ማህተም አለው፣ ቲተር አለው፣ ፊርማ አለው። በሦስተኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተጠየቁና ምክንያቱን አስረዱ፦ «ጠያቂው ዓላማው ምን እንደሆነ ማወቅ አለብን። ሁሉም እየተነሣ ማመልከቻ ቢያስገባ እኛ ሥራ መሥራት አንችልም።»

እኔ እዚሁ ከተማ መዝገብ ቤት ውስጥ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ገቢ መዝግቤአለሁ፣ ወጪ ቁጥር ሰጥቻለሁ፣ ፋይል አውጥቼ ፋይል መልሻለሁ። ስለዚህ ያ ማስታወቂያ ምን እንደሚሠራ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። መረጃ ከመከልከል የባሰ ነገር ነው የሚሠራው፤ ጥያቄው ከነጭራሹ እንዳልቀረበ ያደርገዋል።

ለመሆኑ «ሁሉም» የተባለው ማን ነው? መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን ምን ላይ አዋለው፣ ይህ ውሳኔ በየትኛው ቃለ ጉባኤ ተላለፈ ብሎ ሊጠይቅ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው በ22 ዓመት ውስጥ ብቆጥር የሁለት እጄ ጣቶች ይበቁኛል። በሩን የሚያጨናንቀው ሌላ ሰው ነው። የሥራ ልምድ የሚያጽፍ፣ የጡረታ መረጃው ያልተላከለት፣ ካርታው የዘገየበት፣ ፋይሉ ከክፍል ክፍል ሲንከራተት የጠፋበት። ይህ ሰው የሚመላለሰው መልስ ስላጣ ነው። አንድ ባለጉዳይ 11 ጊዜ ሲመላለስ ኃላፊው በመስኮታቸው 11 ሰው ያያሉ። በመጀመሪያው ቀን ቁጥር ሰጥተው፣ በሁለተኛው ሳምንት መልስ ጽፈው ቢሸኙት ዘጠኙ ከበሩ ላይ ይጠፉ ነበር። ያንን ሰልፍ የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ ሰልፉን ለማስታወቂያው ምክንያት አደረጉት።

ማስታወቂያው የተለጠፈው ለእኛ ነው። ለሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው ሀገር እድር ለሚለው ማኅበራችን። ከሁለት ዓመት በፊት ለኮብልስቶን መንገድ ተብሎ ከየቤቱ ገንዘብ ተዋጣ። ደረሰኝ ያገኘ አለ፣ ያላገኘ አለ። መንገዱ ግማሹ ተነጥፎ ግማሹ እንዳለ ቀረ። ሐምሌ ላይ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ዝናቡ ሲለቀው፣ አስከሬን ተሸክመን የምንወጣው በዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። ባለፈው ክረምት ከፊት ቃሬዛ የያዘው ጎረቤቴ እግሩ ከድቶት በጉልበቱ ወደቀ፤ ቃሬዛው ሊገለበጥ ለጥቂት ነው የተረፈው። የሟች ልጆች እያዩ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ቅሬው ተሰብስቦ ደብዳቤ ይጻፍ ያለው።

ደብዳቤው ሦስት ጥያቄ ብቻ አለው። ስንት ብር ተሰበሰበ፣ ስንት ወጪ ሆነ፣ ቀሪው የት ነው ያለው። ፒያሳ ኮምፒዩተር ቤት አስጻፍነው፣ በሁለት ቅጂ አወጣነው፣ የቅሬው ማህተም አረፈበት፣ ሊቀመንበራችን ሐጂ ፈረሙበት። ይዘን ሄድን።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ተቀብላ አነበበችው። ቀን መምቻውን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። ወደ ውስጥ ገብታ ቆየች። ስትመለስ «ሐጂ፣ ይህ ገቢ አይደረግም ተብያለሁ። ቅሬ እንደ ግለሰብ ነው የሚታየው» አለች።

«ልጄ፣ እኛ ዛሬ መልስ አልጠየቅንሽም። ቁጥር ብቻ ስጭን» አሏት።

«አብሽሩ ሐጂ። እዚሁ ይተዉት፣ ኃላፊው ሲመጡ አሳያቸዋለሁ።»

ሐጂ ሊተዉት እጃቸውን ሰብስበው ነበር። ሁለቱንም ቅጂ መልሼ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ቁጥር ሳይቆረጥለት መሥሪያ ቤት ውስጥ ያደረ ደብዳቤ መጨረሻው ምን እንደሆነ አውቃለኋ።

የገቢ መዝገብ አይቶ ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ልባሱ ጠንካራ የሆነ ትልቅ ደብተር ነው። ገጹ ከላይ ወደ ታች ተሰምሯል፦ ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የላኪው ስም፣ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን፣ ጉዳዩ፣ የተመራበት ክፍል፣ የተረካቢው ፊርማ። ደብዳቤ ሲመጣ ሠራተኛው በዋናውም በቅጂውም ላይ ማህተም ይመታል፣ ቀንና ቁጥር ይሞላል፣ ቅጂውን ለባለጉዳዩ ይመልሳል። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያች ግማሽ ደቂቃ በኋላ ግን ደብዳቤው ባለቤት አለው። ጠፋ ቢባል በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር ገብቷል ተብሎ ይፈለጋል። የተመራበት ክፍል ፈርሞ ተረክቧልና «አላየሁትም» ብሎ ማምለጥ አይችልም። የሚቀጥለው ደብዳቤ «በቁጥር ይህን በቀን ይህን ያቀረብነውን ጥያቄ ይመለከታል» ብሎ ይነሣል፤ ሦስተኛውም እንደዚያው እየተያያዘ ይሄዳል። ኃላፊ ቢቀየር መዝገቡ አይቀየርም። አዲሱ ኃላፊ ገጹን ገልጦ መልስ ያጣውን ሁሉ ባዶ ከቀረው መስመር ላይ ያገኘዋል። ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ ግን ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ይሰነብታል፣ ሌላ ወረቀት ይደረብበታል፣ የሻይ ብርጭቆ ይቀመጥበታል፣ ከዚያ የለም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶቻችን የመዝገብ ቤትን ሥራ ከእኛ በተሻለ ያውቁት ነበር።

አሁን ሕጉን ከዚህ ቁጥር ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱት። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት አለው ይላል። በ2013 አዲሱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ሲወጣም የመረጃ ነፃነቱ ክፍል አልተሻረም። በቃል የቀረበን ጥያቄ እንኳ ሠራተኛው በጽሑፍ እንዲያሰፍረው ያዛል። ለመልሱም 30 ቀን ቆርጦለታል። እሺ፣ 30 ቀን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? ጥያቄው ከገባበት ቀን፤ መግባቱን የሚያስመሰክረው ደግሞ ቁጥሩ ነው። ቁጥር ከሌለ አንደኛው ቀን የለም፤ አንደኛው ቀን ከሌለ ሠላሳኛው ቀን መቼም አይመጣም። መልስ ያጣ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በሦስቱም በር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ያስገባህበት ማስረጃ የታል?» ነው። እጁ ላይ ያለው ንጹሕ ወረቀት ከሆነ ምን ብሎ ይመልሳል? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያወጣውን አዋጅ አንድ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ከሥሩ ቆረጠው ማለት ነው።

«ከልክለናል» ብለው ቢጽፉልን እመርጣለሁ። እውነቴን ነው። የክልከላ ደብዳቤ ወጪ ቁጥር አለው፣ የፈረመበት ሰው አለ፣ ይግባኝ ይባልበታል። እነሱ የሚፈሩት መረጃውን መስጠት ብቻ አይደለም፤ የከለከሉበትን ወረቀት መስጠትንም ነው።

ይህ አሠራር ትናንት የተጀመረም አይደለም። እኔ ራሴ «ይህችን ቁጥር አትስጣት፣ ትቆይ» ተብዬ አውቃለሁ። ታዝዤ ያስቀመጥኳቸው ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ዛሬም ድረስ የሁለቱን ባለቤቶች መልክ አስታውሳለሁ። ያ ትእዛዝ ግን ሁልጊዜ በቃል ነበር፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ በር ገርበብ ተደርጎ። ነውር መሆኑን አዛዡም ያውቅ ነበር። ዛሬ ግን ተጽፎ፣ ማህተም ተመቶበት፣ ሰው በሚያልፍበት በር ላይ ተለጠፈ። እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። ነውሩ መመሪያ ሆነ።

«ዓላማውን ማወቅ አለብን» ወደሚለው ልምጣ። ዓላማ የሚጠየቀው የሌላውን ንብረት ለሚፈልግ ሰው ነው። ገንዘቡን ያዋጣነው እኛ፣ ጭቃው ውስጥ የምንሄደው እኛ፣ የተጠየቀው የዚያው ገንዘብ ሒሳብ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ሲል «ዓላማው ለታወቀለት ሕዝብ» አላለም። አዋጁም የማይሰጠውን ራሱ ለይቶ አስቀምጧል፤ የሀገር ደኅንነት አለ፣ የሌላ ሰው የግል መረጃ አለ፣ የንግድ ምስጢር አለ። የኮብልስቶን መዋጮ ከእነዚህ በየትኛው ውስጥ ነው የሚገባው?

ደግሞ የትብብር ደብዳቤውን ማን ይጽፍልናል? ቀበሌ። ገንዘቡን የሰበሰበው ማን ነው? ቀበሌ። ተጠያቂው ጠያቂውን ካልፈቀደለት አይጠየቅም ማለት ነው። ቀበሌው እንዲጽፍልን ደግሞ ማመልከቻ ማስገባት አለብን፤ ያም ማመልከቻ ቁጥር ይፈልጋል። ይህንን ክብ ከየት ጀምረን እንድንወጣበት እንደሚፈልጉ ኃላፊው ራሳቸው በጽሑፍ ያስረዱን።

በዚያው ስብሰባ ላይ ሌላ ሰው ተነሥቶ «መረጃው ሲሰጣቸው ፌስቡክ ላይ ይለጥፉታል» አለ። አዎን፣ እንለጥፈዋለን። ለምን አንለጥፈውም? የቅሬያችን ሒሳብ በየወሩ በአደባባይ ይነበባል። ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ይዞ ይቆማል፤ ለድንኳን ይህን ያህል፣ ለወንበር ጥገና ይህን ያህል፣ ለእገሌ ቀብር ይህን ያህል እያለ ያነባል። አንዲት አሮጊት ከኋላ ሆነው «ያቺ 40 ብር የምን ነች?» ቢሉ ንባቡ ይቆማል፣ ገጹ ይገለጣል፣ ይነገራቸዋል። ዓላማዎ ምንድን ነው ያላቸው ሰው ኖሮ አያውቅም። ቢላቸውም ሰፈሩ አያስቀምጠውም። ደመወዝ የማይከፈለው ገንዘብ ያዥ የሚያደርገውን፣ ደመወዝ የሚከፈለው መሥሪያ ቤት ለምን ያቅተዋል?

ጦርነቱንም ያነሡ አሉ። ይህችን እቀበላለሁ፣ በልኳ። በ2014 ከተማችን ስትያዝ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወረቀት ተበትኗል፣ ኮምፒዩተር ተነቅሎ ተወስዷል። ከተማዋ ነፃ ከወጣች በኋላ ወለል ላይ የተረገጠ ፋይል በእጃችን እየለቀምን በየስሙ የደረደርነው እኛ ነን። ከዚያ በፊት የነበረን ሰነድ ጠፍቷል ቢሉኝ አምናለሁ፤ ጠፍቷል ብለውም በደብዳቤ መመለስ ይችላሉ። የእኛ መዋጮ የተሰበሰበው ግን ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። በ2014 የደረሰብንን መከራ ለዛሬ ሒሳብ መሸፈኛ ማድረግ በዚያ ጊዜ ቤቱ በተዘረፈና ሰው በሞተበት ሁሉ ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

መዝገብ ቤት ያለችውን ልጅ ማንም እንዳይወቅስብኝ። እሷ የተባለችውን ነው ያደረገችው፤ ቀን መምቻውን አንሥታ ነበር፣ እጇ ሥራውን ያውቃል። ብትመታው ኖሮ በማግስቱ ወደ ሌላ ክፍል ትዛወር ነበር። የምለው ለፈረሙት ነው።

ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ አለ። ስሙን ልጆቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ አይጠየፍ ነው። ንጉሥ ግብር ሲያበላ ትልቅና ትንሽ ሳይል ሰውን ሁሉ ያስገባ ነበርና ነው ስሙ የወጣለት። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት ዘመን እንኳ ይህ ከተማ የማይጠየፍ በር ነበረው። ዛሬ መብቱ በሕገ መንግሥት በተጻፈለት ዘመን፣ ሐጂን የሚያህል ሽማግሌ፣ የአንድ ሰፈር ሰው የሾማቸው፣ ግማሽ ደቂቃ የሚፈጅ ማህተም ተነፍገው ደረጃውን በከዘራ ወረዱ። ከኋላቸው ነበርኩ። አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ኃላፊው ማስታወቂያውን ያንሡ። ማንሣት ካልፈለጉ ደግሞ የትኛውን የአዋጅ አንቀጽ ይዘው እንዳወጡት ከሥሩ ይጻፉበት።

ደብዳቤው አሁንም እኔ ጋ ነው፣ ሁለቱም ቅጂ፣ እንዳይታጠፍ ላስቲክ ውስጥ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሐጂና ከገንዘብ ያዣችን ጋር ይዘነው እንመለሳለን። አንዱ ለእነሱ፣ አንዱ ቁጥር ተመቶበት ለእኛ። ባለፈው የትብብር ደብዳቤ አምጡ የተባላችሁ ካላችሁ፣ የእናንተንም ይዛችሁ ኑ፤ በሩ አንድ ነው።