«ትናንት የት ቀሩ?»

ባለፈው ነሐሴ አዲስ አበባ፣ ገርጂ፣ እናቴ ቤት ሁለት ሳምንት ሰነበትኩ። በገባሁ በማግስቱ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ 11 ሰዓት ሲሆን ጋብ አለ። በእንቅልፍ ልቤ የበሩ መወርወሪያ ሲሳብ ሰማሁና ብድግ አልኩ። እናቴ ናት። 74 ዓመቷ ነው። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጋቢ ደርባበት፣ አጎንብሳ ቦቲ ጫማዋን ታጠልቃለች።

«እማዬ፣ በዚህ ጭቃ የት ልትሄጂ ነው?»

«የት ይመስልሻል? ኪዳን ነዋ» አለችና ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች።

እኔም ጃኬቴን ለብሼ ተከተልኳት። ኮብልስቶኑ እስካለበት ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ጭቃ ነው። እናቴ የጃንጥላውን ጫፍ ወደፊት እየተከለች ድንጋዩን ታገኘዋለች፣ ከዚያ እግሯን ታስከትላለች። ስትራመድ አትቸኩልም፤ አትቆምም ደግሞ። እኔ ከባሕር ጠለል አጠገብ ካለ ከተማ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በወጣሁ በሁለተኛው ቀኔ ነውና ዳገቷን ሳልጨርስ ትንፋሽ አጠረኝ። ማዞሪያው ላይ ሁለት ሴትዮዎችና ዱላ የያዙ አንድ ጡረተኛ መምህር ቆመው ይጠብቋታል። ዱላው ለውሻ ነው። ገና ሰላም ሳይባባሉ አንደኛዋ «እትዬ፣ ትናንት የት ቀሩ?» አሏት። «ልጄን ልቀበል ኤርፖርት ሄጄ ነው፤ ይቺውላችሁ» ብላ አሳየችኝ። ሦስቱም ሳሙኝ፤ ከዚያ አራቱ አንድ ላይ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ደርሶ መልስ 50 ደቂቃ ፈጀብን። እናቴ ይህንን ስፖርት ብላ ጠርታው አታውቅም። ብላትም አይገባትም፤ ጸሎት ነው። እኔ ግን 19 ዓመት ሙሉ ያጣሁትን ነገር ማዞሪያው ላይ ቆሞ አየሁት።

የምኖረው ስቶክሆልም፣ ቴንስታ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ መንከባከብ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲያውቁ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሩጫ ነው። እውነት አላቸው፤ ገንዘቤ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2014 የ3,000 ሜትር የቤት ውስጥ ክብረ ወሰንን 8 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብታ የሰበረችው እዚሁ ስቶክሆልም፣ በየካቲት ብርድ ነው። በ2013 ሞስኮ ላይ በ1,500 ሜትር ለስዊድን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ያመጣችው አበባ አረጋዊም የእኛው አገር ልጅ ናት። «አንቺም ትሮጫለሽ አይደል?» ሲሉኝ መልስ አጥቼ ዝም የምልበት ጊዜ ነበር። እኛ በዓለም በእግራችን የታወቅን ሕዝብ፣ ስደት ላይ እግራችንን ከሶፋ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሶፋ ብቻ ስናመላልሰው ያሳዝነኛል። ባለፉት ዓመታት ከምናውቃቸው ሰዎች መካከል ስንቱ የስኳርና የደም ግፊት ክኒን ጀመረ!

እዚህ ያለን ሐበሾች የበረዶውን ወራት «ቪንተር» ነው የምንለው፤ «ክረምት» ካልን ሐምሌና ነሐሴ ይመጣብናል። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ትጠልቃለች። ሥራ ስንገባ ጨለማ፣ ስንወጣ ጨለማ። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ለሥራ ካልሆነ ከቤት የወጣሁበትን ቀን አላስታውስም። መጋረጃ ዘግቼ፣ ማሞቂያው ላይ ተለጥፌ፣ ቡና እያፈላሁ ነበር የማሳልፈው። ብርድ ያስመታል፣ ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን።

መጀመሪያ ያነቃኝ የልጄ መዋዕለ ሕፃናት ነው። ዝናብም ይሁን በረዶ ልጆቹን በየቀኑ ውጭ ያስወጧቸዋል። ሕፃናቱን በጋሪ ውስጥ ጠቅልለው ደጅ የሚያስተኙም አሉ። አንድ ቀን ተናድጄ ሄድኩና «ልጄን ለምን ብርድ ታስመቱብኛላችሁ?» አልኳቸው። መምህርቷ አልተቆጣችም። መስቀያው ላይ ያለውን የልጄን ልብስ አንድ በአንድ እየነካካች፣ «ይህ ጥጥ ነው፤ ሱፍ አምጪለት። ጓንቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ጨምሪ። የላስቲክ ሱሪ የለውም» አለችኝ። ስዊድኖች «መጥፎ አየር የለም፣ ያለው መጥፎ ልብስ ነው» ይላሉ፤ በቋንቋቸው ቤት ይመታል። በፊት ስሰማው ያናድደኝ ነበር። ያን ቀን ግን ጉድለቱ የእኔ መሆኑ ገባኝ።

ስለ ልብሱ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ገና ለመጣ ሰው ይጠቅማልና። ከሥር የሚለበሰው ስስ ሱፍ ነው። ጥጥ ላብ ይዞ ይቀራል፤ ቆም ያልን እንደሆነ ያቀዘቅዘናል። በላዩ ሞቅ ያለ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት። ከቤት ስንወጣ ትንሽ ብርድ ብርድ ካለን በልክ ለብሰናል ማለት ነው፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሰውነት ራሱ ይሞቃል። ጫማ ላይ የሚጠለቅ «ብሮዳር» የሚሉት ባለ ሹል ብረት ላስቲክ አለ፤ በረዶው ላይ ቂጭ ቂጭ እያለ ይይዛል። ያለ እሱ በጥር መውጣት እጅን ወይም ዳሌን መስበር ነው፤ በሥራዬ የሰበሩትን በየቀኑ አያለሁ። ጃኬቱ ላይ ደግሞ በመኪና መብራት የሚያበራ አንጸባራቂ ማንጠልጠል ግድ ነው።

ልብሱ ተገኘ፤ ልማዱ ግን አልተገኘም። የዛሬ 6 ዓመት የጤና ጣቢያ ሐኪሜ ደሜን አይታ «ስኳርሽ ድንበሩ ላይ ነው» አለችኝ። ክኒን ትጽፍልኛለች ብዬ ስጠብቅ የሰጠችኝ ማዘዣ «በሳምንት 5 ቀን፣ 30 ደቂቃ፣ ፈጠን ያለ እርምጃ» የሚል ሆነ። እዚህ አገር ሐኪም እንቅስቃሴን በወረቀት ማዘዙ የተለመደ ነው። 150 ደቂቃ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ያስፈልጋል የሚለው መጠን ነው። ወረቀቱን ይዤ አንድ ጂም የ12 ወር ውል ፈረምኩ። ሦስት ሳምንት ሄድኩበት፤ ዓመቱን ሙሉ ከፈልኩበት።

ከዚያ ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤቴን አየኋት። ዕድሜዋ ከ75 አያንስም። በየማለዳው፣ በጨለማው፣ ሁለት የእርምጃ ዘንግ ይዛ ትወጣለች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቅኳት። «ወደ የርቫ ሜዳ» አለችኝ። የርቫ ከቴንስታና ከሪንከቢ ጀርባ የተንጣለለ ትልቅ ሜዳና ጫካ ነው። በዚህ አገር በየከተማው ዳር እንዲህ ባሉ ጫካዎች ውስጥ መብራት የተተከለላቸው የእግር መንገዶች አሉ። ማዘጋጃ ቤቱ የከተማውን መንገድ ጠጠር ይበትንበታል፣ በረዶውን ይጠርገዋል። ገንዘብ አይጠየቅም፣ ውል አይፈረምም። በዚህ ስዊድንን አደንቃታለሁ። ሰውዬው ይምጣ አይምጣ ሳይታወቅ መብራቱ ቀድሞ በርቶ ይጠብቀዋል።

እኔም ወጣሁ። አንድ ነገር ግን ልቤን ቆረጠው። ያች ሴት በመንገዱ ላይ ብቻዋን ናት። ሁሉም ብቻውን ነው፤ በጆሮው ሙዚቃ ሰክቶ፣ ስንተላለፍ «ሄይ» ብሎ ያልፋል። እኔ ደግሞ ብቻዬን ሆኜ ጠንክሬ መዝለቅ አልቻልኩም። ደመናማ ቀን ሲሆን ቀረሁ፤ አንድ ቀን ስቀር ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም። በኅዳር፣ በረዶው ሳይጥል ጨለማው ብቻ በሚመጣበት በዚያ ከባድ ወር፣ ጨርሶ ተውኩት። ሁለት ዓመት እንዲህ ስጀምር ስተው አለፈ።

ገርጂ ማዞሪያው ላይ «ትናንት የት ቀሩ?» ሲባል የሰማሁት ቃል ይህን ሁሉ አስታወሰኝ። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የሚዘንበው ዝናብ ስቶክሆልም ዓመቱን ሙሉ ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል። እናቴ የሱፍ ልብስ የላት፣ መብራት የላት፣ የተጠረገ መንገድ የላት። ያላት የሚጠብቃት ሰው ነው። ለእሷ ቀጠሮ ነው፤ መቅረት ደግሞ ምክንያት ይጠየቅበታል።

አገር ቤት ያለውን ችግር ልሸፍን አልፈልግም። እህቴ 38 ዓመቷ ነው፤ ጠዋት መሮጥ ትወዳለች፤ ግን ተወችው። ለከፋው ሰለቻት። ሕፃናቱ «አይዞሽ ደራርቱ!» ሲሏት ደስ ይላታል፤ ጎረምሶቹ የሚሏት ግን ሌላ ነው። በዚያ ላይ ውሻው አለ፣ የመኪናው ጭስ አለ፣ መብራት የሌለው መንደር አለ። መስቀል አደባባይ ከሆነ ማለዳ ሰዉ በብዛት ስለሚወጣ ለከፋው ይቀንሳል፤ ከገርጂ እስከዚያ ለመድረስ ግን ታክሲ መሳፈር አለባት። በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ የተሠራባቸው ሰፈሮች አሉ። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ማታ ስንሄድ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በመብራቱ ሥር ሲንሸራሸር አይቼ ልቤ ሞላ። ያ መንገድ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገብቶ እህቴ በር ድረስ ቢደርስ ምን ነበረበት? ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ሊተካከል ምንም በማይቀርበት፣ ማለዳው ሁልጊዜ 12 ሰዓት ገደማ በሚነጋበት አገር ሴት ልጅ ለመሮጥ ቦታ ማጣቷ ያንገበግበኛል።

ስቶክሆልም ተመልሼ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሴቶችን ያዝኩ። አንደኛዋ እንደ እኔ አረጋውያንን የምትንከባከብ፣ ሁለተኛዋ አውቶቡስ የምትነዳ፣ ሦስተኛዋ ልጆቿ ስላመጧት ብቻ እዚህ አገር የተገኘች የ68 ዓመት እናት ናት፤ እማማ ነው የምንላት። እማማ ከመጣች 4 ዓመቷ ነው። ልጆቿ ሥራ ይውላሉ፣ እሷ ቲቪ ከፍታ ትውላለች። አገሯ ሳለች ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ቀን ገበያ፣ ማታ ለቅሶ ቤት በእግሯ ስትል የኖረች ሴት ናት። እኛ «ምቾት ሰጠናት» ብለን እግሯን አሰርነው። እንዲህ ያሉ እናቶች በየቤታችን አሉ፤ እባካችሁ ይዛችኋቸው ውጡ።

ቅዳሜ በእኛ 3 ሰዓት፣ የምድር ባቡሩ መውጫ ላይ እንገናኛለን። ከሳምንቱ ውስጥ ደግሞ ሁለት ማታ፣ ፈረቃችን እንደፈቀደ። መጀመሪያ እማማ በነጠላ ጫማ በካልሲ መጣች፤ ሦስታችን አዋጥተን ጫማና ብሮዳር ገዛንላት። በቪንተር የዚህ አገር ፀሐይ በጣም ዝቅ ስለምትል ቆዳችን ቫይታሚን ዲ አይሠራባትም፤ ስለዚህ ሐኪም ያዘዘልንን ክኒን መውጣታችን አልተካውም። ብርሃኑ ግን ሌላ ነው። በረዶው ላይ አርፎ ሲመለስ ዓይን ይከፍታል፤ እማማ ከወጣች ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ እንደሚወስዳት ነግራናለች።

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ሆነ። ሦስታችን መውጫው ላይ ቆመን፣ ትንፋሻችን ሻርፓችን ላይ በረዶ እየሠራ፣ እማማን ጠበቅናት። 5 ደቂቃ አለፈ፤ 10 ደቂቃ አለፈ። ደወልኩላት።

«እማማ፣ የት ቀረሽ?»

«አልቀረሁም ልጄ፤ ይሄ ብረቱ ጫማዬ ላይ አልጠልቅ ብሎኝ ነው። እንዳትሄዱ!»

እግራችንን እያማታን ቆምን።