«ዋይፋዩ የለም» የሚሉኝ ሰዎች

ኧረ ጎበዝ፣ ዛሬስ ልተንፍሰው። ደብረ ማርቆስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አይቲ ነኝ። ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። ጠዋት ገና በር ላይ «ዋይፋዩ የለም እኮ» ይሉኛል። የት? ስልክ ላይ ነው ኮምፒውተር ላይ? መልስ የለም። የለም ከተባለ የለም።

አለቆቼ መድኃኒቱን ያውቁታል፦ «አጥፍተህ አብራው።» እምቢ ካለ «ፍጥነት እናስጨምር» ይመጣል። አስጨመርን። ሒሳቡ ወጣ፣ አዳራሹ ውስጥ ግን ኢሜይል ዛሬም ይሽከረከራል። ችግሩ ከውጭ በሚገባው መስመር ላይ ሳይሆን እዚሁ ግቢያችን አየር ላይ ነዋ! በ2.4 ጊጋኸርትዝ የዋይፋይ ሞገድ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች (የአየር መስመሮች በሏቸው) 1፣ 6 እና 11 ናቸው፣ በቃ። የእኛ አክሰስ ፖይንቶች (ዋይፋዩን የሚረጩት ሳጥኖች) አብዛኞቹ 6 ላይ ተኮልኩለዋል። ጎረቤት ያለው ካፌም እዚያው። በአንድ ቻናል ላይ ደግሞ የሚናገረው በተራ ነው። ጋኑን ብታሳድጉት፣ ሁሉም በአንድ ዋንጫ የሚጠጣ ከሆነ ምን ይረባል? በዚያ ላይ ከቆርቆሮው መጋዘን ማዶ የተቀመጠው ሰውዬ ሲግናሉ ደክሞ በ1 ሜጋቢት ሲጎትት የሁላችንንም ጊዜ ይበላዋል።

የሚያናድደኝ ይህ ሁሉ የሚታይ ነገር መሆኑ ነው። ስንት ሰው ገባ፣ ቻናሉ ምን ያህል ተያዘ፣ ስንት ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) በድጋሚ ተላከ፣ ደህና አክሰስ ፖይንት ራሱ ይቆጥረዋል። የእኔ ሥራ በኤስኤንኤምፒ፣ ማለትም መሣሪያዎች ቁጥራቸውን በሚነግሩበት ቋንቋ፣ በየ5 ደቂቃው ቁጥሩን መልቀም ነው። ቁጥሩን የሚለቅሙት ሶፍትዌሮች፣ ዛቢክስም ሊብሬኤንኤምኤስም፣ በነፃ ይገኛሉ። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃኛል። መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቆልሏል። ስጠይቅ «ገና አልተወገደም፣ አይነካም» ተባልኩ።

ከዚያ ወሬው ተነሳ። «ማን ምን እንደሚያይ ሊሰልል ነው!» ወይ ጉድ። የናንተን ቲክቶክ ማን ፈለገው? ቆጣሪ ማንበብና የሰው መልእክት መክፈት ምን አገናኛቸው? ፓኬቱን ሁሉ ላስቀምጥ ብልስ የትኛው ዲስክ ይችለኛል?

ቁጥጥር ተሞክሮ አያውቅም እንዳትሉ። በጨረታ የመጣ ድርጅት አንድ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ተክሎልን ነበር። መሣሪያውን ሁሉ በየሴኮንዱ ይጠይቃል፤ ርካሾቹ አክሰስ ፖይንቶች መልስ በመስጠት ብቻ ዛሉ። አንድ ስልክ ከዋይፋይ በወጣ ቁጥር ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይልካል። ሰው ምሳ ሲወጣ አስቡት! ሁላችንም ድምፁን አጠፋነው። በኋላ የሁለተኛ ፎቁ አክሰስ ፖይንት የምር ሲሞት ማንም አላየም።

እኔ የጠየቅሁት ትንሽ ነው። አክሰስ ፖይንት ከጠፋ ይንገረኝ። ቻናሉ ለአፍታ ሳይሆን ቆየት ብሎ ከተጨናነቀ ይንገረኝ። ሌላው በግራፍ ይቀመጥ፣ ሰኞ ሰኞ አየዋለሁ።

ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣ፣ ባሕር ዳር ያላችሁ አይቲዎች፣ ንብረት ክፍልን ምን ብላችሁ እንዳሳመናችሁ እስቲ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ። «በደብዳቤ ጠይቅ» የምትሉ ግን እለፉኝ፣ ደብዳቤውማ ፊርማ ላይ ነው።