በፔርሙስና በኪስ

ጅማ ልጅ ሆኜ ጉንፋን ሲይዘኝ ዝንጅብሉ የሚመጣው በሰው እጅ ነበር። አክስቴ ትወቅጠዋለች፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ታፈላዋለች፣ በፔርሙስ ሞልታ አጠገቤ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ጎረቤት ይሰማል። አንዷ ዳማከሴ ቀጥፋ ትመጣለች፣ ሌላዋ ፌጦ በሎሚ በጥብጣ። ከአንዱ ቤት «እግዜር ይማርሽ»፣ ከሌላው «አላህ ያሽርሽ»። የኔ ሥራ ጋቢ ተከናንቤ መቀመጥ ብቻ ነበር።

አሁን የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። እዚህ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን አልፎ ይወርዳል። በታህሳስ ደውዬ «ክረምቱ ከበደን» ስላት አክስቴ ግር ይላታል። ክረምት ለሷ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናብና ጭቃ ነው። እኛ በረዶ ስንዝቅ ጅማ ላይ ቡና ይለቀማል።

በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ጉንፋን ጣለኝና ሐኪም ጋ ሄድኩ። መድኃኒት ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ሐኪሟ መረመረችኝና «ቫይረስ ነው፣ የሚያጠፋው መድኃኒት የለም። ፈሳሽ ጠጪ፣ ትኩስ ነገር በማር ውሰጂ፣ እረፊ» አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን አክስቴ ስታደርግልኝ የኖረችውን ነው የነገረችኝ። ያልቻልኩት አንዱን ብቻ ነው፦ እረፊ የሚለውን። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ የለሊት ፈረቃ ነው፤ ክፍያው በሰዓት ነው። ቀላል ጉንፋን ከሆነ ማስክ አድርጌ እገባለሁ። ፔርሙስ ይዞ አልጋ ለአልጋ መዞር አይቻልም።

መላውን የሰጠችኝ ከፊሊፒንስ የመጣች የሥራ ባልደረባዬ ናት። ጉሮሮዬ ሲከረክረኝ አይታ ከኪሷ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ስኳር የለበሰ ዝንጅብል። አፌ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ጣፈጠኝ፣ ከዚያ አቃጠለኝ፣ ከዚያ የአክስቴ ሻይ ትዝ አለኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። በማግስቱ አሠራሩን ጠየቅኳት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዝንጅብሉን በማንኪያ ጠርዝ እየፋቅሽ ትልጪዋለሽ፤ በቢላ ከላጥሽው ብዙው አብሮ ይሄዳል። ቃጫውን አቋርጠሽ በስሱ ትከትፊያለሽ። በውኃ እስኪለሰልስ፣ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ትቀቅይዋለሽ። ውኃውን እንዳትደፊው፤ ለሻይ የሚሆን ነው። ያጠለልሽውን ዝንጅብል መዝነሽ በክብደቱ ልክ ስኳርና ጥቂት የተቀቀለበትን ውኃ ጨምረሽ በመካከለኛ እሳት ታማስያለሽ። መጀመሪያ ይሟሟል፣ ይወፍራል፣ ከዚያ ድንገት ስኳሩ መልሶ እንደ አሸዋ ፍሬ ፍሬ ይሆናል። ያን ጊዜ ከእሳት አውርደሽ ትሪ ላይ ትበትኚዋለሽ። እኔ መጨረሻ ላይ የተወቀጠ ኮረሪማ እነሰንስበታለሁ። ባልደረባዬ ኮረሪማን አታውቀውም ነበር፤ አሁን ያለሱ አትበላም።

ባለፈው ሐምሌ ጅማ ሄድኩ፤ ለአክስቴ ላሳያት ፈለግሁ። ሐሙስ የጅማው መርካቶ ወጥተን ዝንጅብል ገዛን። ሚኒያፖሊስ የምገዛው ወፍራም፣ የታጠበ፣ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሽታው ግን ደካማ ነው። የኛው ቀጭን ነው፣ አፈር አለበት፣ ቃጫው ይበዛል፣ ስትሰብሪው ግን ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ አጠውልግ በሽታ ገብቶ የደቡብን የዝንጅብል ማሳ ሲያወድም ብዙ ገበሬ ዝንጅብል መትከሉን ትቶ ነበር። እሱን እያሰብኩ ስለገዛሁት አልተከራከርኩም።

ቤት ገብተን ከሰል አቀጣጠልን። እዚህ ላይ ነው የሁለቱ አገር ልዩነት ድስቱ ውስጥ የገባው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። ውኃ እዚያ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሚኒያፖሊስ ግን 99 ይደርሳል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ያልኩት ከአንድ ሰዓትም በላይ ፈጀ። ስኳሩን የምለካበት ቴርሞሜትር ይዤ ሄጄ ነበር፤ እሱም በከፍታው ምክንያት ቁጥሩ አልገጥም አለኝ። አክስቴ ከማማሰያው ጫፍ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጣለች፣ በጣቷ ነካች፣ «ገና ነው» አለች። ልክ ነበረች።

ማድረቁ ደግሞ ሌላ ነው። ሚኒያፖሊስ ማሞቂያው የቤቱን አየር ስለሚያደርቀው በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ሐምሌ ጅማ ላይ ግን ስኳሩ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ሲያለቅስ አደረ። ትሪውን ከሰል ምድጃው አጠገብ አስጠጋነው። አክስቴ በስኳር ፋንታ በማር እንሥራው ብላ ሁለተኛ ዙር ሞከርን። ማር ከስኳር የባሰ እርጥበት ይስባል፤ ጨርሶ አልደረቀም። በማንኪያ በላነው፤ እውነት ለመናገር ከከረሜላው ይጥማል።

በዚያው ሰሞን አንድ የሰፈራችን ልጅ በጉንፋን ያስላል። ባጃጅ ነጂ ነው። ምን ወሰድክ ስለው አሞክሲሊን አሳየኝ። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ፣ ግማሽ ስትሪፕ ገዝቶ። አሞክሲሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም፤ እንዲህ በዘፈቀደ ሲወሰድ ደግሞ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል፤ የምር ሲያስፈልግ አይሠራም። ይሄ ያሳስበኛል። ሆኖም ልቆጣው አልቻልኩም። «አንድ ቀን ካልሠራሁ ለባጃጁ ባለቤት የሚገባውን ከየት አመጣለሁ?» አለኝ። ጋቢ ለብሶ የሚቀመጥበት ጊዜ የለውም። እኔ ውጭ አገር የመጣ ጣጣ ይመስለኝ የነበረው እሱም ጋ ደርሷል።

ጥቂት ከረሜላ ሰጠሁት። ጉንፋኑን እንደማያድነው ነገርኩት፤ ምራቅ ያመጣል፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ሳሉን ትንሽ ያስታግሳል፣ ያ ነው ሥራው። ለታናሽ እህቱ እንዳይሰጥም አደራ አልኩት፤ ሦስት ዓመቷ ናት፣ ያንቃታል። የስኳር ሕመም ላለበትም አይሆንም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ዝንጅብል ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ቢጠይቅ ይሻላል።

ሰሞኑን ደወልኩ። ውጭ በረዶው መስኮቱን ሸፍኖታል። አክስቴ ደስ ብሏታል። በጋ ስለሆነ ከረሜላውን በሰፌድ ፀሐይ ላይ አስጥታው ከሰዓት ሳይሆን ደርቆላታል። ባጃጅ ነጂው ጠዋት ጠዋት እየመጣ በኪሱ ይዞ ይሄዳል።

«ማታስ?» አልኳት።

«ማታማ መጥቶ ይቀመጣል፤ የተቀቀለበትን ውኃ በፔርሙስ አኑሬለት።»