ታቱና ንቅሳት

ታናሽ እህቴ ባለፈው እሁድ ከታቱ ቤት ወጥታ በቀጥታ አያታችን ጋ መጣች። እጇ አንጓ ላይ ትንሽ መስቀል አስነቅሳለች። ቦታው ገና ቀልቷል፤ በስስ ላስቲክ ተሸፍኗል።

አያቴ አስጠግታ አየችውና «ምን ያህል ቆየሽ?» አለቻት።

«ሃያ ደቂቃ፣ እምዬ። ያን ያህል አያምም።»

አያቴ ሳቀች። ስትስቅ ጥቁር ሰማያዊ ድዷ ይታያል። ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ ደግሞ እንደ ሐብል የተደረደረ መስመር አላት። ከሰርጓ በፊት ጎጃም ውስጥ ነው የተነቀሰችው።

ነቃሿ መጀመሪያ ኩራዝ ለኩሳ ከላዩ ሸክላ ደፋችበት። የተጠራቀመውን ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ በጠበጠችው። መርፌዎቿን በክር አንድ ላይ አሰረች። በአያቴ እናት ጊዜ እሾህ ነበር አሉ። መልኩን በስንጥር ነደፈችና ጠቅ ጠቅ ጠቅ! ደሙን ትጠርጋለች፣ ጥላሸቱን መልሳ ታሻለች፣ እንደገና ትወጋለች። ድዷ ሲነቀስ ሁለት ሴቶች እጇን፣ አንዷ ራሷን ያዙ። «ሦስት ቀን በአጥሚት ነው የኖርኩት» ትላለች።

ማሽኑም ቢሆን ሥራው ያው ነው። ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1891 ኒው ዮርክ ውስጥ የኤሌክትሪክ መነቀሻ የባለቤትነት መብት ሲያወጣ የለወጠው የመርፌውን ፍጥነት ነው። ቀለሙ ያኔም ዛሬም ከላይኛው ቆዳ ሥር መግባት አለበት። እዚያ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ይውጡትና ይዘውት ይቀራሉ። ጥላሸቱ ሰማያዊ የሚመስለን በቆዳ ውስጥ አሳልፈን ስለምናየው ነው።

ሰሞኑን «ንቅሳት ባህላችን ነው» የሚል በዝቷል። ደስ ይላል። ትናንት ንቅሳታሟን «ገጠሬ» ብለን ነጠላዋን እስከ አገጯ ያስጎተትናት እኛው ነን። እስራኤል ከገቡ ቤተ እስራኤላውያን መካከልም የፊታቸውን ንቅሳት በሌዘር ያስጠፉ አሉ። ኦሪት ገላን መንቀስ ይከለክላል፤ ግንባር ላይ መስቀል ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ግን ፎቶ ስንለጥፍ አንድ ነገር እንዘላለን። አያቴን ማንም አልጠየቃትም። ድዷን ጥርሷ ነጥቶ እንዲታይ ነው ተባለ፤ አንገቷን ደግሞ እንቅርት እንዳይዛት። (እንቅርት አብዛኛውን ጊዜ ከአዮዲን እጥረት ነው የሚመጣው፤ መርፌ ምን ያደርግለታል?) ያው መርፌ ሳይቀቀል ወደ ጎረቤት ልጅ ይሄዳል። በኋላ ኤች አይ ቪ ሲመጣ ጤና አስተማሪዎች ንቅሳትን ከእንጥል ማስቆረጥ ጋር ማንሳታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ንቀት የሌለበት ምክር ቢሆን ግን የበለጠ ይሰማ ነበር ባይ ነኝ።

ዛሬ ንድፉን ከአሮጊቶች አንገት ላይ እየገለበጡ የሚሰበስቡ ወጣቶች አሉ። በርቱ እላለሁ። እግረ መንገዳችሁን ግን ይህንንም ጠይቁልኝ፦ ስንት ዓመትሽ ነበር? ማን ያዘሽ? አለቀስሽ ወይ? እኔ አያቴን ይህን ለመጠየቅ የእህቴን ታቱ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ያሳፍራል።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አያቴ የእህቴን እጅ እንደገና ሳበችው።

«እዚህ ላይ ይሁን ያለው ማነው?»

«እኔ ነኛ፣ እምዬ።»

አያቴ የራሷን ግንባር በጣቷ ዳሰሰች። «እኔም እኮ እጄ ላይ ነበር የፈለግኩት» አለች።