ቀለም መኪና አያቆምም

ወገኖቼ፣ ዜብራ የተቀባበትን ቦታ ሁሉ «እዚህ ጋ መሻገር ችግር የለውም» ማለት እንተው። ቀለም መኪና አያቆምም።

በቀደም አንዲት እናት ከዘራቸውን ይዘው መስቀለኛ መንገድ ሲሻገሩ አየሁ። የወረዱት የእግረኛው መብራት አረንጓዴ ሲሆን ነው። አስፋልቱ 12 ሜትር ገደማ ይሆናል። ብዙ ቦታ የመብራቱ ሰዓት የሚሰላው በሰከንድ 1.2 ሜትር ያህል የሚራመድ ሰው ታስቦ ነው፤ በዚህ ስሌት 10 ሰከንድ ይበቃል። እሳቸው ግን ቢበዛ በሰከንድ 0.8 ሜትር ቢሄዱ ነው። መብራቱ ሲቀየር ገና 4 ሜትር ቀርቷቸዋል። ከዚያ ክላክሱ ተጀመረ። አንድም ሰው መስኮት ከፍቶ «አይዞዎት እናቴ፣ ቀስ ይበሉ» አላላቸውም። ከዘራቸውን አንስተው ለመሮጥ ሲሞክሩ እያየን እንዴት አላፈርንም?

እናንተ መሪ የያዛችሁ፣ ስሙኝ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ሕፃን ድንገት ቢገባበት፣ ፍሬን እስኪይዝ የምታልፈውን 1 ሰከንድ ጨምሮ 13 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በ50 የሚነዳው ግን እዚያው ቦታ ሲደርስ እግሩ ገና ፍሬኑን አልነካም። አንዱ በቆመበት ቦታ ሌላው በሙሉ ፍጥነቱ ይመታል ማለት ነው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ አንዱ ለእግረኛ ሲቆም ከኋላው ያለው «ምን ሆኖ ነው የተገተረው?» ብሎ በጎን መቅደሙ ነው። እግረኛው የገባው የቆመውን መኪና አምኖ ነው፤ ሁለተኛው ይከለልበታል፣ እሱም ለሁለተኛው ይከለላል። ከፊታችሁ ያለው ዜብራ ላይ ከቆመ፣ ቁሙ። ዜብራ ጥግ መኪና አቁማችሁ የምትሄዱም ሕፃን እየሸፈናችሁ እንደሆነ እወቁት።

መንገድ የምትሠሩና የምትቆጣጠሩም አታመልጡም። «እዚህ አደጋ አልተመዘገበም» መልስ አይደለም፤ ምናልባት ሰው ፈርቶ ዞሮ ስለሚሄድ ይሆናል። ሰዓት ይዛችሁ ቁሙበት፣ ሲመሽም፣ ሲዘንብም፣ ተማሪ ሲለቀቅም። የሞተውን ብቻ ሳይሆን ለጥቂት የተረፈውን ቁጠሩ፦ ስንቱ ሮጠ፣ ስንቱ መሐል ደርሶ ተመለሰ፣ ስንት መኪና ሲጢጥ አድርጎ ቆመ። የሚታጠፈው መኪናና እግረኛው እኩል አረንጓዴ የሚበራላቸው ከሆነ ለእግረኛው ጥቂት ሰከንድ አስቀድሙለት። መንገዱ ከሰፋ መሐል ላይ አረፍ የሚልበት ደሴት ሥሩለት። ሕዝቡ ከዜብራው 50 ሜትር ርቆ የሚሻገር ከሆነም «ሥርዓት የለውም» ከማለታችሁ በፊት፣ ዜብራውን ያለቦታው ቀብታችሁት እንደሆነ እዩ።

እግረኞችም ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። እናንተን ከዚህ በላይ አልቆጣም፤ ከአንድ ቶን በላይ ብረት የሚነዳው ሌላ ሰው ነው።

እናቲቱ ማዶ ደርሰው የመብራቱን ምሰሶ ተደግፈው ቆሙ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ መብራቱ ሁለት ጊዜ ተቀየረ።